የእትዬ ትርሐስ ምሳና የዩኒቨርስ ግጥምጥሞሽ

ይህን ጽሑፍ ሳልጽፈው ልቀር ምንም አልቀረኝም ነበር። አንደኛው ምክንያት ስለ ሰው ሕይወት ለመጻፍ ብቁ ነኝ ብዬ አለማመኔ ነው፤ እኔ የፊዚክስ ተማሪ ነኝ፤ ያውም መልሱን እያወቀ፣ መምህሩ እንዳይጠይቀው ጎንበስ ብሎ የታሰረ ጫማውን እንደገና የሚያስር ዓይነት። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይብሳል። ታሪካቸውን የምጽፍላቸው ሰው፣ የቤት አከራዬ እትዬ ትርሐስ፣ ሐሳቤን ስነግራቸው «ስለ እኔ ምን የሚጻፍ አለና ነው፤ ይልቅ ስለ ኮረሪማው ጻፍ» ብለውኛል። ስለ ኮረሪማ ከእኔ የተሻሉ ብዙ ሰዎች ሊጽፉ ይችላሉ። ስለ እትዬ ትርሐስ ምሳ ግን ከራሳቸው ቀጥሎ የሚመለከተው እኔን ነው፤ ነገሩን ያወቅሁት ከሰፈሩ ሰው ሁሉ በኋላ መሆኑ ለመጻፍ ያለኝን መብት እንደሚቀንስብኝም አልክድም።

እትዬ ትርሐስ ቦንጋ ተወልደው ቦንጋ ያደጉ ናቸው። አያታቸው በመንግሥት ጸሐፊነት ከሰሜን ተመድበው መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። እሳቸው ግን የወረቀት ፍቅር አልወረሱም፤ የወደዱት ኮረሪማና ጥምዝ ነው። የሺሺንዳና የቢታ ገነት ገበሬዎች ከጫካ ለቅመው የሚያመጡትን ቅመም ይገዛሉ፤ በአማርኛ ሰላምታ ሰጥተው በካፊኖኖ ዋጋ ይከራከራሉ፤ ከዚያ በግቢያቸው አስጥተው፣ መርጠው፣ ለአዲስ አበባ ነጋዴ ይልካሉ። ዝናብ በማያባራበት አገር ቅመም ማድረቅ የሰውን ቀን ሙሉ ይበላል። ደመና ሲመጣ ሸራ ያለብሳሉ፤ ፀሐይ ብቅ ስትል ይገልጣሉ፤ እንደገና ያለብሳሉ። ባለቤታቸው ጋሽ ገብረኪዳን፣ ቅመሙን በጭነት መኪና ያመላልሱ የነበሩት፣ ካረፉ ወዲህ ይህን የሚሠሩት ብቻቸውን ነው።

ስኳር በሽታ አለባቸው። ከምግብ በፊት መርፌ ይወጋሉ፤ ከተወጉም በኋላ ሳይቆዩ መብላት አለባቸው። ልጃቸው ሳምሪ አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ትሠራለች። በየሳምንቱ እየደወለች እናቷ ቤቱን ዘግተው እሷ ዘንድ እንዲገቡ ትለምናለች። እትዬ ትርሐስ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኮረሪማ የት እንደሚሰጣ ይጠይቋታል። ይህ ክርክር ዓመታትን ካስቆጠረ በኋላ በአንድ ስምምነት ረገበ፤ ሳምሪ እናቷን በቤታቸው ትተዋለች፣ ነገር ግን አንድ ቀን ራሳቸውን ስተው ቢወድቁ መኪና ይዛ መጥታ ትወስዳቸዋለች። እትዬ ትርሐስ በዚህ ምለዋል። ስለዚህ ለእሳቸው የአንድ ቀን መውደቅ ማለት ቤታቸውን፣ በረንዳቸውንና ሸራቸውን ማጣት ማለት ነበር።

እኔ በዚህ ቤት የጓሮ ክፍል ተከራይቼ የገባሁት ለሁለተኛ ዲግሪ ስመጣ ነው። በገባሁ ሳምንት እትዬ ትርሐስ ምሳ እንድበላ ጠሩኝ። ከክፍሌ ሆኜ «በልቻለሁ» ብዬ መለስኩ፤ ጥቂት ቆይቼ ዳቦ ልገዛ ስወጣ በር ላይ ተገጣጠምን። በሌላ ቀን ሲጠሩኝ የተኛሁ መሰልኩ፤ የመጽሐፍ ገጽ ስገልጥ በመስኮት በኩል ይሰማቸው እንደነበር የነገሩኝ ዘንድሮ ነው። የተጠራ እንግዳ መሆን ለእኔ ትልቅ ዕዳ ነው። ተጠርቼ ስሄድ ሰው ለእኔ ብሎ የደከመ ይመስለኛል፤ እህልም አይወርድልኝም።

ከዚያ በኋላ እትዬ ትርሐስ ጠርተውኝ አያውቁም። ይልቁንም ግጥምጥሞሹ ጀመረ።

እኩለ ቀን ላይ ከዩኒቨርሲቲ ተመልሼ ዳገቱን ስወጣና በረንዳው ላይ ስደርስ፣ እትዬ ትርሐስ ልክ በዚያች ቅጽበት ማዕዳቸውን ከፍተው ሊጎርሱ ሲሉ አገኛቸዋለሁ። ወደ ክፍሌ ለመግባት በበረንዳው ማለፍ ግድ ነው። «አማትህ ትወድሃለች» ይሉኛል፣ እንጀራው ላይ ወጥ እያወጡ። እንደምናውቀው ማዕድ ላይ የደረሰ ሰው ሳይቀምስ ቢያልፍ ማዕዱን መናቅ ነው። ስለዚህ ቁጭ እላለሁ። የተጠራሁ ሳይሆን የደረስኩ ነኝ፤ ዕዳ የለብኝም፤ ዕድለኛ ነኝ እንጂ። እህሉም በሚያስገርም ሁኔታ ይወርድልኛል።

ጎረቤታችን ጋሽ ሰላሐዲን፣ ግድግዳ ተጋርተው ጨርቅ የሚሸጡት፣ ይህን ከሱቃቸው ደጃፍ ሆነው ይከታተሉ ነበር። «ይህ ልጅ የእጅ ሰዓት የለውም፤ አፍንጫ ግን አላህ ሰጥቶታል» ይላሉ። እኔም አንገቴን እደፋና እስቃለሁ። በልቤ ግን ቅር ይለኝ ነበር፤ ምክንያቱም በአፍንጫዬ አልነበረም፤ በአጋጣሚ ነበር።

አሁን እጅግ የማፍርበትን ነገር መጻፍ አለብኝ። እኔ በዚያ ዓመት የመመረቂያ ጽሑፌን የምሠራው በአጋጣሚ ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርስ እየሰፋ ነው፤ መስፋቱም እየፈጠነ ነው። የሚያፈጥነውን ነገር ማንም አይቶት አያውቅም፤ ዳርክ ኢነርጂ ይሉታል፤ እኔ ጨለማው ኃይል እለዋለሁ። ዩኒቨርስ በሰፋ ቁጥር ከዋክብቱና ጋዙ፣ በአጠቃላይ ቁስ የምንለው፣ እየተበተነ ይሳሳል። ጨለማው ኃይል ግን በተለመደው ሞዴል መሠረት አይሳሳም። እንግዲህ በጥንቱ ዘመን ቁስ እጅግ ይበልጠው ነበር፤ በሩቁ መጪ ዘመን ደግሞ ቁስ ከቁጥር አይገባም። ሁለቱ የሚቀራረቡበት ዘመን በዚህ ሁሉ ዕድሜ ውስጥ አጭር ነው። እኛ ታዲያ ልክ እዚያ ላይ ተገኝተናል፤ ዛሬ ከመቶው ሰባው ገደማ ጨለማው ኃይል፣ ሠላሳው ገደማ ቁስ ነው። ለምን አሁን? የግጥምጥሞሽ ችግር የሚባለው ይህ ነው።

አንድ ቀን እትዬ ትርሐስ ምን እንደምማር ጠየቁኝና በእሳቸው ሙያ ላስረዳ ሞከርኩ። እንግዳ እየበዛ ወጡ ውሃ እየተጨመረበት ነው እንበል፤ ጨው አይጨመርም፤ ስለዚህ ጨውነቱ ይሳሳል። የሚጨመረው ውሃ ግን ራሱ ጥምዝ ይዞ የሚመጣ ቢሆን የጥምዙ ጣዕም በእያንዳንዱ ጭልፋ እንዳለ ይቆያል። አንዱ ሰው መጥቶ ሲቀምስ ጨውና ጥምዝ ሊመጣጠኑ የቀረቡባት ሰዓት ላይ ደረሰ፤ ይህ ሰው እንዴት በዚያች ሰዓት መጣ?

እትዬ ትርሐስ በትዕግሥት አዳመጡኝ። ከዚያ ጥምዝ ያለበት ውሃ ማን እንደሚያመጣ ጠየቁኝ፤ ማንም እንደማያውቅ ነገርኳቸው። «እንግዲያው ወጥ ላይ እንዲህ የሚጫወት ሰው ቤት አትሂድ» አሉኝ፤ እንድጎርስም አዘዙኝ።

ለዚህ ችግር ሰዎች ያቀረቧቸውን መልሶች በሦስት ከፍዬ ጽፌአለሁ። አንደኛው፣ ጨለማው ኃይል ቋሚ ነው፣ መገጣጠሙም ዝም ብሎ ዕድል ነው ይላል፤ ቢበዛ ጠያቂ ሰው ሊኖር የሚችለው በእንዲህ ያለ ዘመን ስለሆነ ነው ይላል። ሁለተኛው፣ ጨለማው ኃይል ራሱ ተለዋዋጭ ነው፣ ቁስን ከሩቅ እየተከተለ ይጓዛል ይላል። ሦስተኛው፣ ሁለቱ በስውር ይቀባበላሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይሠራል፤ ስለዚህ መቀራረባቸው አጋጣሚ አይደለም ይላል። ይህን ሁሉ ጽፌ፣ ዳገቱን ወጥቼ፣ ሊጎረስ የተቃረበ ማዕድ ላይ ደርሼ፣ «ምን ዓይነት ዕድል ነው» እያልኩ እበላ ነበር።

ጥርጣሬ ፈጽሞ አልነበረኝም ብል ውሸት ነው። በዐቢይ ጾም ከቀትር በኋላ እጅግ ዘግይቼ ስመጣ እትዬ ትርሐስ ገና ሊበሉ ሲሉ አገኘኋቸው። ይህን በጾሙ አመካኘሁት፤ ለበሽታቸው ሲባል ከጾሙ ሰዓት ነፃ መውጣታቸውን ከራሳቸው አፍ ሰምቼ ሳለ። ፋሲካ ካለፈ በኋላም እንደዚያው ሲሆን በዝናቡ አመካኘሁት፤ ሸራ ሲያለብሱ ዘገዩ። ፀሐይ በወጣ ቀን ሲሆን በገበያ ቀን አመካኘሁት። ከመረጃው ጋር ያልገጠመ ሞዴል ሲገጥማቸው አንድ ነገር እየጨመሩ የሚጠግኑ ተመራማሪዎችን በጽሑፌ ምዕራፍ ሁለት ላይ በጨዋ ቋንቋ ተችቻለሁ።

የሰኔ ዝናብ በያዘበት አንድ ቀን ሥራዬን በትምህርት ክፍሉ ፊት እንዳቀርብ ቀጠሮ ተያዘልኝ። ወደ አዳራሹ ልገባ ስል የክፍል ጓደኛዬ ዮናታን ጃንጥላዬን ለመነኝ፤ ቤቱ ከእኛ ቤት በላይ ነው። እምቢ ማለት አልችልም፤ ሰጠሁት። ጃንጥላዋ ጥቁር ናት፤ አንድ ጎኗ ተቀድዶ እትዬ ትርሐስ አበባ ባለው የአንሶላ ጨርቅ ጥፈውልኛል፤ በቦንጋ ሁለተኛ የላትም።

ገለጻዬ ረዘመ። ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሳ ሦስቱን መልሶች አነበብኩ። አማካሪዬ ዶክተር ተድላ፣ ለሰው የሚያዝኑ ግን ጥያቄ የማያልፉ ሰው፣ «እሺ ብስራት፣ አንተስ የትኛው ያሳምንሃል?» አሉኝ። ሦስቱንም እንደማከብር ተናገርኩ። አዳራሹ ሳቀ። ዶክተር ተድላ አክብሮት ለሽማግሌ እንጂ ለሞዴል እንደማይሰጥ አስታውሰው፣ መልስ ይዤ እንድመለስ ነገሩኝ። በዝናቡ እየበሰበስኩ፣ ልመልሰው ይገባኝ የነበረውን መልስ ለራሴ እያነበነብኩ ዳገቱን ወጣሁ።

በረንዳው ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ማዕዱ ቀርቧል፤ ክዳኑ አልተነሳም። እትዬ ትርሐስ ወንበራቸው ላይ ወደ ጎን ዘንበል ብለዋል፤ ላብ አጥምቋቸዋል፤ ጋሽ ሰላሐዲን ጣታቸውን ማር ውስጥ እየነከሩ ድዳቸውን ይቀቧቸዋል። ዓይናቸው ሲገለጥ ጋሽ ሰላሐዲን በባጃጅ ጭነው ወደ ሐኪም ወሰዷቸው፤ እኔም ከኋላ ተንጠለጠልኩ፤ ጥቅሜ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሐኪሙ በጊዜ እንደተደረሰላቸው ነገረን። ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ምሳው ቀርቦ ለምን ሳይበሉ እንደቆዩ ጋሽ ሰላሐዲንን ጠየቅኳቸው። ጋሽ ሰላሐዲን ወደ እኔ ዞሩ።

«ፕሮፌሰር፣ እውነትህን ነው?»

እውነቴን እንደሆነ ስነግራቸው አስረዱኝ። ከበረንዳው ላይ የዳገቱ መጠምዘዣ ይታያል። እትዬ ትርሐስ በየቀኑ መጠምዘዣውን እያዩ ይቀመጣሉ። እኔ ብቅ ስል ጓዳ ገብተው መርፌያቸውን ይወጋሉ፤ ስደርስ ማዕዱ ይከፈታል። ብዘገይ መርፌውም ምሳውም ይዘገያል። የዚያን ቀን በጭጋጉ ውስጥ የአንሶላ ጨርቅ የተጣፈባት ጃንጥላ ስትመጣ አዩ፤ ተወጉ፤ ማዕዱን አቀረቡ፤ ጃንጥላዋ ግን ቁልቁል እያየ በሚጣደፈው በዮናታን እጅ ሆና በደጃችን አለፈች። እትዬ ትርሐስ ሱቅ ጎራ ያልኩ መስሏቸው አሁን ይመጣል እያሉ ጠበቁኝ። መርፌው ግን እንደ እሳቸው አልጠበቀኝም።

«ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው» አሉ ጋሽ ሰላሐዲን። «እኔ አንተም የምታውቅ መስሎኝ ነበር። ብልጥ ነው እያልኩ ነበር የማማህ።»

እንዲህ በአክብሮት ታምቼ አላውቅም ነበር፤ ሙገሳው ግን ለእኔ አይገባም ነበር። ስለማይታየው የዩኒቨርስ ከመቶ ሰባ እጅ ስጽፍ የከረምኩ ሰው፣ ከሳህኔ ማዶ ተቀምጠው የሚጠብቁኝን ሴት አላየሁም።

ሲሻላቸው ያንኑ ማታ ወደ ቤት መለስናቸው፤ አልጋቸው አጠገብ ቆሜ ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳቸው።

«ብነግርህ ትመጣ ነበር?»

ጎንበስ ብዬ የታሰረ ጫማዬን እንደገና አሰርኩ።

«ደግሞ ላንተ ብዬ ነው ብለህ እንዳትኮራ» አሉ። «ገብረኪዳን ከሞተ ወዲህ ብቻዬን የጎረስኩት አይወርድልኝም። ቀርቦ ይቀዘቅዛል፣ አነሳዋለሁ። ሰው ከመጠምዘዣው ብቅ ሲል ነው ረሃቤ የሚመጣው።»

ሲያበሉኝ የኖሩት እሳቸው ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ እኔም ሳላውቀው እሳቸውን አበላ ኖሯል።

ሳምሪ ወሬው ደርሷት በማግስቱ መኪና ይዛ ደረሰች። ቃል ቃል ነው። የእናቷን ልብስ ማጣጠፍ ጀመረች፤ እትዬ ትርሐስ ኮረሪማ በሞላ ጆንያ ላይ ተቀምጠው አይከለክሏትም፤ የማሉት እሳቸው ናቸውና። ውጭ ፀሐይ ወጥቶ ሸራው አልተገለጠም። ተነስተው እንኳ አልገለጡትም።

እኔ ሌሊቱን ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ መግቢያ፣ ሐተታና ማጠቃለያ ያለው። ሳምሪ ፊት ስቆም መግቢያው ጠፋኝ፤ ሐተታውም ተከተለው። የወጣልኝ ይህ ብቻ ነው፦

«እርስዎ ከወሰዷቸው አይበሉም።»

ሳምሪ ልብስ ማጣጠፏን አቆመች። እሷ ጠዋት ወጥታ ማታ እንደምትገባ፣ በመካከሉ እናቷ ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ማንን እያዩ ምሳ እንደሚበሉ፣ እየተንተባተብኩ ጠየቅኳት። ከዛሬ ጀምሮ እኔ እሳቸውን አላስጠብቅም፤ በስድስት ሰዓት መጥቼ፣ ማዕድ ሳይቀርብ፣ ራሴ ምሳ እጠይቃለሁ አልኩ። የማልችል ቀን ሲኖር አስቀድሜ ለጋሽ ሰላሐዲን እነግራለሁ አልኩ።

«አንተ?» አለች። «እማዬ ጨው እንኳ ከሚጠይቅ አልጫ የሚበላ ሰው ነው ብላ የነገረችኝ አንተው ነህ?»

እኔው እንደሆንኩ አመንኩ። ጋሽ ሰላሐዲን ከደጃፍ ሆነው ዋስ እንደሚሆኑ፣ ካልጠየቅሁም በአንገትጌዬ ጎትተው እንደሚያመጡኝ፣ እኔ በማልመጣበት ቀን ደግሞ ከነባለቤታቸው ሳህን ይዘው እንደሚመጡ ተናገሩ። ሳምሪ የነገውን አይታ ለመወሰን አደረች።

በማግስቱ በስድስት ሰዓት በረንዳው ላይ ቆምኩ። ማዕድ የለም። እትዬ ትርሐስ ኮረሪማ ይመርጣሉ፤ ቀና ብለው አላዩኝም፤ ሊያግዙኝ እንደማይፈልጉ ገባኝ። ሳምሪ በሩ ላይ፣ ጋሽ ሰላሐዲን በሱቃቸው ደጃፍ፣ ሁለቱም ይመለከቱኛል። የታሰረውን ጫማዬን እንደገና ለማሰር ጎንበስ ልል ስል ራሴን ያዝኩት።

«እትዬ ትርሐስ» አልኩ፣ «ርቦኛል። ምሳ ይስጡኝ።»

«ገና አልቀረበም» አሉ።

«እጠብቃለሁ» አልኩና ተቀመጥኩ።

እትዬ ትርሐስ የያዙትን ኮረሪማ አስቀምጠው ጓዳ ገቡ፤ መርፌያቸውን ተወጉ፤ ማዕዱን አመጡ። ሳምሪም አብራን በላች። ከምሳ በኋላ ልብሱን ከሻንጣ አውጥታ ወደ ቦታው መለሰች፤ እስከ መስቀል አያለሁ ብላም ሄደች። መስቀል አልፏል፤ እስከ ፋሲካ ተብሏል።

የመመረቂያ ጽሑፌን በተመለከተ፣ ዶክተር ተድላ ያንኑ ጥያቄ ደግመው ጠየቁኝ። ሦስተኛው መልስ ይበልጥ እንደሚስበኝ፣ ነገር ግን እንዳልተረጋገጠ ነገርኳቸው። በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ምልከታዎች ጨለማው ኃይል ቋሚ ላይሆን እንደሚችል ፍንጭ ሰጥተዋል፤ ፍንጭ ግን ፍንጭ ነው። ዕድል ነው ብዬ ከመዝጋቴ በፊት ማን ማንን እየጠበቀ እንደሆነ መጠየቅ እንደምፈልግም ጨመርኩ። ዶክተር ተድላ የእኔ መውደድ ማስረጃ እንዳልሆነ አሳሰቡኝ። ልክ ናቸው። የቤት አከራይ ምሳ የዩኒቨርስን ባሕርይ አያስረዳም፤ ያስረዳው የእኔን ነው።

አሁንም በየቀኑ፣ በገዛ ፈቃዴ ጠይቄና ተቀምጬ ጠብቄ ማዕዱ ሲከፈት፣ እትዬ ትርሐስ «አማትህ ትወድሃለች» ይላሉ። ጋሽ ሰላሐዲን ደግሞ እንዲህ የሚበላ አማች የምትወድ ሴት ገና አልተፈጠረችም ይላሉ። እኔም አንገቴን ደፍቼ እበላለሁ።

ስለ ኮረሪማው ሌላ ሰው ይጽፋል። እትዬ ትርሐስ የሚገባቸው፣ በገዛ በረንዳቸው፣ ምሳቸውን በሰዓቱና ከሰው ጋር መብላት ነው።